ለአራስ ገንፎው ብቻ አይበቃም

ሴት በሰላም ስትገላገል ኢትዮጵያውያን አስቀድመው የሚሏት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው። የሕፃኑ ስም፣ ክብደቱ፣ ማንን እንደመሰለ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቃል ያወረሱት ሰዎች መውለድ ከሞት ጋር ፊት ለፊት መጋጠም እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቁ ነበርና፣ የተረፈችውን ሴት ምሕረት እንዳገኘች ይቆጥሯታል። በሙስሊሙም ቤት ቢሆን ምጥ የሚታለፈው በዱዓ ነው። ወደ አሜሪካ ከመጡት ወገኖች ብዙዎቹ ግን ይህ ፍርሃት ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የቀረ ይመስላቸዋል። ሆስፒታሉ ትልቅ፣ መሣሪያው ዘመናዊ፣ ሐኪሙ የተማረ ነው። ታዲያ በዚህ አገር እናት በወሊድ ትሞታለች ብሎ ማን ያስባል?

እውነቱ እንደሚታሰበው አይደለም። ከበለጸጉት አገሮች መካከል እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት በብዛት የሚሞቱባት አሜሪካ ናት። አደጋው ጊዜውንና ቦታውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። አገር ቤት ሞት የሚያደባው በአብዛኛው በምጡ ሰዓትና በዚያው ሰሞን ነው። እዚህ ግን የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ከ36 ክፍላተ አገር የሰበሰበው መረጃ እንደሚያሳየው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2017 እስከ 2019 ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ምክንያት ከሞቱት ሴቶች 53 ከመቶው የሞቱት ከወለዱ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ይኸውም ሆስፒታሉ «ደህና ነሽ» ብሎ ከሸኛቸው፣ አበባው ከጠወለገና ፊኛው ከተነፈሰ በኋላ፣ በገዛ ቤታቸው ሳሉ ማለት ነው። ከሞቱት ውስጥ ከ80 ከመቶ በላይ የሚሆኑትን ማዳን ይቻል እንደነበረም ያው መረጃ ይናገራል።

እንግዲህ በዚህ አገር የእናት ሕይወት የሚጠፋው ወይም የሚተርፈው በአብዛኛው በአራስ ቤት ነው። አራስ ቤት ደግሞ የሐኪም ብቻ ሳይሆን የቤተ ዘመድና የጎረቤት ነው። ስለዚህ በኩፐርቲኖ፣ በሳን ሆዜና በኦክላንድ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ የአራስ ጥየቃውን ልማድ ከግብዣነት አውጥቶ እንደ ጥበቃ ሊይዘው ይገባል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

የአሜሪካ መንግሥት በሚያወጣው አኃዝ መሠረት፣ በ2018 በሕይወት በተወለዱ 100,000 ሕፃናት ልክ ሲሰላ 17.4 እናቶች ሞተዋል። በ2019 ቁጥሩ 20.1፣ በ2020 ደግሞ 23.8 ሆነ። ኮቪድ በበረታበት በ2021 ወደ 32.9 አሻቀበ፤ በዚያ አንድ ዓመት ብቻ 1,205 እናቶች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ቀንሶ በ2022 22.3፣ በ2023 ደግሞ 18.6 ደረሰ። በ2023 የሞቱት 669 ነበሩ።

በእነዚህ ቁጥሮች ላይ በሊቃውንቱ መካከል ክርክር አለ። ከ2003 ጀምሮ በሞት ምስክር ወረቀት ላይ «ሟቿ ነፍሰ ጡር ነበረች ወይ?» የሚል ሣጥን ገባ። ክፍላተ አገሩ ግን ሣጥኑን የተቀበሉት በተለያየ ጊዜ በመሆኑ ሁሉም እስኪጠቀሙበት እስከ 2017 ድረስ ቆየ። መንግሥትም ከ2007 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት መካከል አንድ ወጥ አገራዊ ቁጥር ማውጣት አቆመ። ሣጥኑ በስሕተት እየተሞላ ቁጥሩን አጋንኖታል፣ ከጭማሪው ብዙው የአቆጣጠር ለውጥ ያመጣው ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው። ሆኖም እንዲህም ተቆጠረ እንዲያ፣ በአንድ ነገር ላይ ልዩነት የለም። ጥቁር እናቶች የሚሞቱት ከነጮቹ በብዙ እጥፍ ነው። በ2023 የነጮቹ ቁጥር 14.5 ሲሆን የጥቁሮቹ 50.3 ነበር። በዚያ ዓመት የሌሎቹ ሲቀንስ የጥቁር እናቶች ቁጥር አልቀነሰም። ኢትዮጵያዊት እናት ራሷን በምንም ስም ብትጠራ፣ በዚህ አገር መዝገብ የምትቆጠረው ከእነርሱ ጋር ነው።

አገር ቤት የሆነው

አሁን ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ዞር ይባል። በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ100,000 ልደት ልክ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2016 ጥናት ይህ ቁጥር ወደ 412 ወርዷል። ከዚያ ወዲህ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ያወጡት ግምት 200 ገደማ አድርሶታል። ይህ ከአሜሪካው ጋር ሲተያይ አሁንም አሥር እጥፍ ያህል ነው፤ ስለዚህ ማንም «ከአሜሪካ አገር ቤት መውለድ ይሻላል» ብሎ እንዳይሳሳት። ልብ ሊባል የሚገባው አቅጣጫው ነው። ደሃይቱ አገር ሞቱን ከግማሽ በታች ስታወርድ፣ ሀብታሚቱ በዚያው ዘመን ባለችበት መርገጥ እንኳ አቃታት።

ኢትዮጵያ ይህን ያደረገችው በውድ መሣሪያ አይደለም። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች፣ አብዛኞቹ ከዚያው ከአካባቢው የተወለዱ፣ የአንድ ዓመት ሥልጠና እየተሰጣቸው ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። ሥራቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ነፍሰ ጡርን ማወቅ፣ መምከር፣ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነው። በ2005 ጤና ተቋም ሄደው ይወልዱ የነበሩት ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ግማሽ ያህሉ ደርሰዋል። መንገዱ ለራቀባቸው እናቶች ደግሞ ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ ተሠራ። ይህም አዲስ ነገር አልነበረም፤ በጉራጌ አገር የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል በ1976 የጀመረው ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። ሴቶች ወደ ጤና ጣቢያ መሄድን የሚጠሉበት አንዱ ምክንያት ወጉ ስለሚቀርባቸው ነበር። በጤና ጣቢያው ገንፎ የለም፣ ቡና የለም፣ ዘመድ አይገባም። ብዙ ጤና ጣቢያዎች ይህን ተረድተው ገንፎው በዚያው እንዲገነፋ፣ ቡናው በዚያው እንዲፈላ አደረጉ። ሕክምናው ወጉን ሳይንቅ ተቀበለው፤ ወጉም ሕክምናውን አልፈራም። በሰሜኑ ጦርነት ከ2020 እስከ 2022፣ ከዚያም በአማራ ክልል ከ2023 ወዲህ በተነሣው ግጭት ብዙ ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፣ አምቡላንሶች ቆመዋል፤ የተገኘውም ውጤት በየቦታው ተጎድቷል። ትምህርቱ ግን አልጠፋም። እናትን የሚያድናት ሕንፃው ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው ደጃፏን አንኳኩቶ «እንዴት ነሽ?» ማለቱ ጭምር ነው።

ከኩፐርቲኖ የግማሽ ሰዓት መንገድ

ይህን ትምህርት ከአሜሪካ ክፍላተ አገር ቀድማ የተማረችው ካሊፎርኒያ ናት። ከኩፐርቲኖ በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ በሚገኘው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ የእናቶችን እንክብካቤ ጥራት የሚከታተል የክፍለ አገሩ የትብብር ማዕከል በ2006 ተቋቋመ። ሐኪሞቹና ነርሶቹ የሞቱትን እናቶች መዝገብ አንድ በአንድ እያወጡ መረመሩ። ያገኙት ነገር ቀላል ነበር። እናቶቹ የሞቱት መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም፤ የደም መፍሰሱ ወይም የደም ግፊቱ ሳይታወቅ ጊዜ ስላለፈ ነው።

መፍትሔውም ቀላል ነበር። ለደም መፍሰስ የሚያስፈልገው መድኃኒትና ዕቃ ሁሉ በአንድ ጋሪ ላይ ተሰናድቶ በወሊድ ክፍሉ እንዲቆም ተደረገ። የፈሰሰው ደም በዓይን ግምት መሆኑ ቀርቶ እንዲመዘን ተወሰነ። ነርሶችና ሐኪሞች እንደ እሳት አደጋ ሠራተኛ አስቀድመው እንዲለማመዱ ተደረገ። ከ2006 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ውስጥ የካሊፎርኒያ እናቶች ሞት ከግማሽ በታች ወረደ፤ በዚያው ጊዜ የቀረው አገር ቁጥር ወደ ላይ ይሄድ ነበር። በኮቪድ ዘመን የካሊፎርኒያውም ከፍ ብሎ ነበር፤ ሆኖም የተሠራው ሥራ ማስረጃ ሆኖ ቀርቷል።

ይሁንና ካሊፎርኒያም ቢሆን የጥቁርና የነጭ እናቶችን ልዩነት አላጠፋችም። የሆስፒታሉ ጋሪ የሚያድነው ሆስፒታል ያለችውን ነው። ቤቷ ሄዳ ራሷን የሚያማትን፣ ደረቷን የሚወጋትን፣ ነግራም የማትሰማውን ሴት ጋሪው አያገኛትም።

ገንዘብም ትምህርትም አልጋረደም

ኩፐርቲኖ የአፕል ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት፣ ኢንጂነሮች የሚኖሩባት የሀብታም ከተማ ናት። ጥሩ ኢንሹራንስ ያላት፣ እንግሊዝኛ አቀላጥፋ የምትናገር እናት ይህ ሁሉ አይመለከተኝም ልትል ትችላለች። ሲዲሲ በ2019 ያወጣው ጥናት ግን ኮሌጅ የጨረሱ ጥቁር ሴቶች፣ ሁለተኛ ደረጃን ካላጠናቀቁ ነጭ ሴቶች እንኳ በበለጠ ቁጥር እንደሚሞቱ አሳይቷል።

የቴኒስ ንግሥት የሆነችውን የሰሪና ዊሊያምስን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። በሴፕቴምበር 2017 በቀዶ ጥገና በወለደች ማግሥት ትንፋሽ አጠራት። ከዚያ በፊት የረጋ ደም ሳንባዋ ገብቶ ታማ ስለነበር ሕመሙን ለይታ አወቀችው። ለነርሷ የሚያስፈልጋትን ምርመራና መድኃኒት በስሙ ጠርታ ብትነግራት፣ ነርሷ የሕመም ማስታገሻው ኃይል ያስቀባጠራት መሰላት። እርሷ ግን አልተወችም፤ በመጨረሻ ተመረመረች፣ የረጋ ደምም ሳንባዋ ውስጥ ተገኘ። በሪዮ ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘችው ሯጭ ቶሪ ቦዊ ግን አልተረፈችም። በሜይ 2023 በ32 ዓመቷ፣ ስምንተኛ ወሯ ላይ ሳለች፣ ለቀናት ድምፅዋ ጠፍቶ ፍሎሪዳ ውስጥ በቤቷ ሞታ ተገኘች። ሩጫን ለሚያከብር ሕዝብ ይህ ከቁጥር ይልቅ የሚናገር ነው። የሰውነት ጥንካሬም ሆነ ዝና ብቻዋን ለሆነች ነፍሰ ጡር አይደርስላትም።

ከአፍሪካ የመጡ ሴቶችን በሚመለከት ደግሞ አንድ የቆየ ጥናት አለ። በኢሊኖይ የተወለዱ ሕፃናትን ክብደት ያነጻጸሩ ሁለት ሐኪሞች በ1997 ባወጡት ጥናት፣ አፍሪካ የተወለዱ እናቶች ልጆች ከአሜሪካ ጥቁሮች ልጆች ይልቅ ወደ ነጮቹ ልጆች ክብደት የቀረቡ ሆነው አገኟቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን እዚህ የተወለዱት ሴቶች ልጆቻቸው በተራቸው ሲወልዱ ያ ብልጫ እንደ ጠፋ ታየ። ነገሩ በደም የሚወረስ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በአንድ ትውልድ ባልተለወጠ ነበር። አገሩ ራሱ በሰውነት ላይ የሚያደርገው ነገር አለ ማለት ነው። ዛሬ በሳን ሆዜና በኦክላንድ ትምህርት ቤቶች የሚማሩት የስደተኛ ሴቶች ልጆች ነገ እናቶች ይሆናሉ፤ ጉዳዩ የእነርሱም ነው።

አራስ ቤት ምን ነበር፣ ምንስ ሆነ?

በአገር ቤት አራስ ብቻዋን አትተውም ነበር። ብቻዋን ከተተወች ክፉ መንፈስ ይለክፋታል ይባላል፤ ከራስጌዋም ብረት አይጠፋም። ምክንያቱን የማይቀበል ሰው እንኳ ሥርዓቱን ማመስገን አለበት። ምክንያቱም ሌት ተቀን የሚያያት ሰው ስለነበር ብታተኩስ፣ ብትቃዥ፣ ደሟ ቢበዛ ወዲያው ይታወቃል። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የእናት ሞት ብሎ የሚቆጥረው እስከ 42ኛው ቀን ያለውን ነው። አባቶችና እናቶች ያለ ስታቲስቲክስ የደረሱበት ቀን ከዚህ ብዙም አይርቅም።

እዚህ አገር ይህ ሥርዓት ሳስቷል። የአራሷ እናት ቪዛ ይከለከላሉ። ባል በቀን አንድ ሥራ በማታ ሌላ ሥራ አለው፤ የቤት ኪራዩ ፋታ አይሰጥም። እህት ኦክላንድ፣ አክስት ሳክራሜንቶ ናት፤ በሥራ ቀን የ880 መንገድ ተዘግቶ ይውላል። ስለዚህ ጥየቃው ለቅዳሜና እሑድ ይቀጠራል። ቅዳሜም ሲደርስ ዘመድ ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ ዳይፐሩን ይዞ ይመጣል፤ ሕፃኑን ያቅፋል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይሄዳል። አንዳንዴም አራሷ ራሷ ተነሥታ እንግዳ ታስተናግዳለች፣ ቡና ታፈላለች። ሕፃኑን ሁሉም ያየዋል፤ እናቲቱን ግን ማንም አላያትም። ሐኪሞቹም ቢሆኑ ሕፃኑን በመጀመሪያው ወር ደጋግመው ሲያዩት፣ እናቲቱን ለረዥም ዘመን የሚቀጥሯት በስድስተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። የማሕፀን ሐኪሞች ኮሌጅ ይህ አይበቃም፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ትጠየቅ ያለው በ2018 ነው።

ከሥርዓቱ ጋር አብሮ የተወረሰ መጥፎ ነገርም አለ፤ እርሱም ዝምታው ነው። አራስ ራሴን አመመኝ ስትል «የአራስ ወጉ ነው» ይባላል። ስታለቅስ «ልጅ ሰጥቶሽ ታለቅሻለሽ?» ትባላለች። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ሲጠይቃት በአክብሮት «እሺ» ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። ባሏ ያስተረጉማል፤ በባሏ አፍ ግን ስለ ደሟ፣ ስለ ጡቷ፣ ስለ ጭንቀቷ መናገር ታፍራለች። ከላይ በተጠቀሰው የሲዲሲ መረጃ፣ ከ2017 እስከ 2019 ለእናቶች ሞት ግንባር ቀደም ምክንያት ሆኖ የተገኘው የአእምሮ ሕመም ነው፤ ይህም ራስን ማጥፋትንና በአደንዛዥ መድኃኒት መሞትን ይጨምራል። ይህን ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚሸፍነው የሐበሻ ይሉኝታ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት የተረተው ግን ይኸው ሕዝብ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ አራስ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ከገንፎው ጋር ጥያቄም ይዞ ይሂድ። የማይለቅ ወይም እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት አለሽ? ዓይንሽ ብዥ ይላል? ፊትሽና እጅሽ አብጧል? ትንፋሽ ያጥርሻል፣ ደረትሽን ይወጋሻል? አንድ እግርሽ ብቻ አብጦ ያምሻል? ትኩሳትሽ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በአሜሪካኖቹ 100.4 ደርሷል? በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደም ይፈስሻል? ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ይመጣብሻል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ነገ ይታያል አይባልም፤ ወደ ሐኪም ይደወላል። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ደሙ ካልቆመ፣ ወይም ራሷን ለመጉዳት ካሰበች 911 ይደወላል። ሆስፒታል ሲደረስ የመጀመሪያው ቃል «በቅርቡ ወልጃለሁ» ይሁን፤ ከወለደች ስድስት ወር ወይም ዓመት ቢሆናትም እንኳ ይነገር።

ሁለተኛ፣ ግፊት። በእርግዝና የሚመጣው የደም ግፊት ከወሊድ በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሊነሣ ይችላል፤ ሴቲቱ ነፍሰ ጡር ሳለች ግፊት ያልነበራት ብትሆንም እንኳ። ላይኛው ቁጥር 160፣ ወይም ታችኛው 110 ከደረሰ በሰዓት ውስጥ መድኃኒት የሚያስፈልገው አስቸኳይ ሁኔታ ነው። የቤት መለኪያው ዋጋ ከአንድ የእራት ግብዣ አይበልጥም። በቤይ ኤሪያ ሰው ሲሞት ዕድሩና ማኅበሩ በሺህ የሚቆጠር ዶላር አዋጥቶ አስከሬን አገር ቤት ይልካል፤ ይህም የሚያኮራ ነው። ለሞተ እንዲህ የሚደርስ ማኅበር በሕይወት ላለች አራስ አንድ መለኪያ ገዝቶ፣ ተረኛ ጠያቂ መድቦ ቢደርስላት ምን ይከብደዋል? ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱም ነፍሰ ጡሮቻቸውን ያውቃሉ። አርባ ቀን ሙሉ በየቀኑ የምትደውል አንዲት ሴት ለአንዲት አራስ መመደብ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ መብት። በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ለቋንቋ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ክፍያም አይጠየቅበትም። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ልመና አይደለም። ባልና ልጅ ለማስተርጎም አይፈጠሩም። የካሊፎርኒያ ሜዲ-ካል ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ እናትን ከወለደች በኋላ ለ12 ወራት ይሸፍናል። ነፍሰ ጡርን በኢሚግሬሽን ወረቀቷ ምክንያት አይመልሳትም፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ወረቀት በሌላቸው ጎልማሶች አዲስ ምዝገባ ላይ የመጣው እገዳም ነፍሰ ጡሮችን አይጨምርም። ጥገኝነት ጠይቃ የምትጠባበቅ ሴት በፍርሃት ክትትሏን ማቋረጥ የለባትም።

ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ደግሞ ሜዲ-ካል የዱላ አገልግሎት ይከፍላል። ስሙ በአማርኛ ጆሮ አያምርም፤ ዱላ ማለት ግን እዚህ የምትመታ ሳትሆን የምትደግፍ ሴት ናት። በእርግዝና፣ በምጥና ከወሊድ በኋላ አብራት የምትሆን፣ ሐኪም ፊት የምትቆምላት ማለት ነው። የአገር ቤት እናቶች ይህን ሥራ ያለ ደመወዝ ሲሠሩት ኖረዋል። አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ የሚናገሩ ሴቶች ሠልጥነው ቢገቡበት ለራሳቸው እንጀራ፣ ለአራሷም አለኝታ ይሆናሉ።

አራተኛ፣ አባት። በካሊፎርኒያ ከደመወዙ የክፍለ አገሩ ኢንሹራንስ የሚቆረጥበት አባት ልጅ ሲወለድለት እስከ ስምንት ሳምንት የሚከፈልበት ፈቃድ አለው። ብዙ ወገኖች ይህን ገንዘብ እየከፈሉ ሳይጠቀሙበት ይቀራሉ። በራሱ መኪና ለኩባንያ የሚነዳ ሰው ግን በአብዛኛው በዚህ አይሸፈንም፤ ለእርሱ ቤት የወዳጅ ዘመድ ተራ ከሁሉ ይልቅ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ የሐኪሙና የመንግሥቱ ሥራ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። በእርግጥ ነው። የታማሚዋን ቃል የማይሰማ ሐኪም፣ እናትን በስድስት ሳምንት አንዴ የሚቀጥር አሠራር ሊጠየቅ ይገባዋል፤ የሞተችም እናት ለምን ዝም አልሽ ተብላ አትወቀስም። ነገር ግን ሕግ እስኪሻሻልና ሐኪም እስኪማር ድረስ አራሷ አትቆይም። ዛሬ ማታ በአንድ አፓርትማ ውስጥ ራሷን እያመማት ሕፃን የምታባብል ሴት ትኖራለች። ሌላ ሰው ሊደርስላት የሚችለው የሐኪሙ ቀጠሮ ከሚደርስበት ቀን በጣም ቀድሞ ነው። ቅዳሜን ሳይጠብቁ ዛሬ መደወል፣ ስለ ሕፃኑ ከመጠየቅ በፊትም ስለ እናቲቱ መጠየቅ ማንም የሚችለው ነው።